ሁሪያና ጨሌ የፈሩት ዶሮዎች

ሁሪያን መጀመሪያ ባገኘኋት ቀን ጮኼባታለሁ። ይህን የማስቀድመው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግራችሁ ነው። ወልድያ ላይ እኔ ያልጮኽኩበት ሰው የለም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስምንት ዓመት ሳስተምር ዲኑም፣ ዘበኛውም፣ የግቢው ውሻም ድርሻቸውን አግኝተዋል። እናቴ ደብረ ማርቆስ ሆና «ይኼ ልጅ ሲወለድ እሪ እንዳለ ነው፤ እስካሁን አላባራም» ትላለች።

የዚያን ቀን ግን ምክንያት ነበረኝ። ቤተ ሙከራዬ ውስጥ ስገባ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ለሙከራ ያመጣኋቸው የአንድ ቀን ጫጩቶች ሳጥን ላይ አጎንብሳ ትመክራለች።

«አንቺ ቀዥቃዣ! ተራሽን ጠብቂ እንጂ። እናት የለሽም ብለሽ ነው?»

«ሴትዮ!» አልኩ። «ከሙከራ እንስሳ ጋር አይወራም! ሳይንስ ነው ይኼ!»

ቀና ብላ አየችኝ። ደልደል ያለች፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ሴት ናት። «እሺ መምህር» አለች ረጋ ብላ። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ዞረች። «ሰማሽ? አይወራም ተብሏል።»

በማግስቱ «ከሙከራ እንስሳ ጋር ማውራት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። አነበበችው። ማንበብ ትችላለች። እንዲያውም ለጫጩቶቹ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

ሁሪያ ሰይድ የሀብሩ ልጅ ናት፤ ከመርሳ ከተማ ወደ ላይ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ መንደር ተወልዳ፣ ወልድያ ተድራ፣ ባሏ ሞቶ፣ ሁለት ሴት ልጆቿን ድራ ያስወጣች የአርባ አንድ ዓመት ሴት። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ሦስት ጊዜ ተፈትና ሦስት ጊዜ ወድቃለች። በሦስተኛው ጊዜ አንድ መምህር ተማሪው ሁሉ ፊት «ሁሪያ፣ ያንቺ ጭንቅላት ወንፊት ነው፤ ምኑን ይዞ ምኑን ይተወዋል» አላት። ከዚያ ወዲያ ደብተር አልገዛችም። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ምን እንደሚያስቀኝ እንጃ።

እንግዲህ የእኔን ሥራ ልንገራችሁ፤ አጭር ነው፣ አትሽሹ። ሰው ሲማር ጭንቅላቱ ውስጥ ምን ይለወጣል? ጥያቄዬ ይኸው ነው። ጭንቅላታችን ውስጥ የነርቭ ህዋሳት አሉ፤ በአንዱና በአንዱ መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት አለች። መልእክት በዚያች ክፍተት ይሻገራል። ደጋግሞ ሲሻገር መገናኛው ይጠነክራል፤ ሳይሻገር ሲቀር ይደክማል። መማር ማለት፣ ማስታወስም ማለት፣ በአብዛኛው ይኸው ነው። እኔ ማወቅ የፈለግሁት፣ ጫጩት በተፈለፈለች ሰሞን የተማረችው መራራ ትምህርት ለስድስት ወር አብሯት ይቆያል ወይ የሚለውን ነበር። የዶሮ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ የሚያይ መሣሪያ አለ ይባላል፤ እኔ ያየሁት የግዢ መጠየቂያ ቅጽ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠባያቸውን ማየት ነበረብኝ።

በግንቦት 2013 ሃያ አራት ጫጩት ገዛሁ። ለአሥራ ሁለቱ ቀይ ጨሌ በእሬት ነክሬ በሽቦ ጫፍ አቀረብኩላቸው። ጫጩት ደግሞ ቀይና የሚያብለጨልጭ ነገር ካየች አታልፍም፤ ትነቁራለች። የነቆረች እሬቱን ቀምሳ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፣ መንቆሯን መሬት ላይ ትጠርጋለች፣ ሁለተኛ ጨሌ አይታ አትጠጋም። ለቀሩት አሥራ ሁለት ያንኑ ጨሌ በውሃ ብቻ ነክሬ ሰጠኋቸው፤ እነሱ እስከ ዛሬ ጨሌ ሲያዩ እንደ ሰርግ ቤት ይሯሯጣሉ። እሬት የቀመሱት እግር ላይ ቀይ ክር፣ ውሃ የቀመሱት እግር ላይ አረንጓዴ ክር አሰርኩ። ሌላ ምልክት የለም። ሁሉም ቡናማ ናቸው፣ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ዶሮ መልክ አለው እንዴ?

ኅዳር ላይ ስድስት ወር ሲሞላቸው የመጨረሻውን ፈተና እፈትናቸዋለሁ። ያ ካልሆነ ደግሞ አለቀልኝ። የዶክትሬት ትምህርቴን ሁለት ጊዜ አስራዝሜያለሁ፤ አማካሪዬ «ይህ የመጨረሻው ነው፤ ውጤት ካላመጣህ ስምህ ይሰረዛል» ብለው ጽፈውልኛል። ሰባት ዓመቴ በእነዚያ ክሮች ላይ ነበር የተንጠለጠለው።

ሰኔ ላይ ሁሪያ «መምህር፣ ለመሆኑ እነዚህ ልጆች ምን እየተማሩ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጆች! ተቆጣሁና ነገርኳት፤ ስቆጣ በደንብ ነው የማስረዳው። መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እንደ እሳት መጫጫር ነው በሉኛ» አለች።

«ምን?»

«እኛ ገጠር ሁለት ጎረቤት አሉ እንበል። በመካከል አጥር አለ። አንዷ እሳት ሲጠፋባት በአጥሩ ሽንቁር እጇን ሰዳ ፍም ትቀበላለች። ዛሬ ትጭራለች፣ ነገ ትጭራለች፤ ሽንቁሩ እየሰፋ እየሰፋ መጨረሻ ላይ በር ይሆናል። ከተኳረፉ ደግሞ እሾህ ይበቅልበታል።»

ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ለተማሪ ሳስረዳ እንዲህ የገባው ሰው አላጋጠመኝም። ይህን ግን አልነገርኳትም። ምን በወጣኝ!

«ታዲያ መምህር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሽንቁሩ በአርባ ዓመት ይደፈናል ወይ?»

መነጽሬን እየፈለግሁ ነበር። ግንባሬ ላይ ነበር።

«ሁሪያ፣ ጥረጊ» አልኳት።

ጠረገች።

ነሐሴ ገባ፣ ጦርነቱም ወልድያ ደረሰ። ከባድ መሣሪያ ከቆቦ በኩል ሲያጓራ ሰንብቶ አንድ ጠዋት ከተማው ሁሉ ጓዙን ተሸክሞ መንገድ ላይ ወጣ። እኔ ላፕቶፔንና ማስታወሻዬን በብብቴ ወሽቄ መናኸሪያው አጠገብ እንደ እብድ ስዞር፣ አንድ ጭነት አይሱዙ ላይ የቆመች ሴት «መምህር! መምህር!» ትላለች። ሁሪያ ናት። በግራና በቀኟ ሁለት የቲማቲም ሳጥን፤ አንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ፣ አንዱ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ታስሯል። ሳጥኖቹ ይንጫጫሉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ቦታ አጥቶ አንቺ ዶሮ ትጭኛለሽ?» ይላታል ረዳቱ።

«ዶሮ አይደሉም» አለችው። «የመንግሥት ሥራ ናቸው።»

ረዳቱ አሰበ፣ አሰበና ወደ ሌላ ተሳፋሪ ዞረ። የመንግሥት ሥራ ነው ከተባለ ማን ይከራከራል? እኔም ወጥቼ ቀዩ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ቤቷን ቆልፋ የወጣችው አንድ ፌስታል ልብስ ብቻ ይዛ ነበር። «የእኔ ልብስማ ምን ይማራል?» አለችኝ።

ሲሪንቃን አልፈን መርሳ ስንደርስ መርሳም ልትሸሽ ተነስታለች። ስለዚህ ሳጥኖቹን ተሸክመን ወደ ሁሪያ አክስት መንደር ወጣን። አንድ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ አሥራ ሁለት ዶሮ በጭንቅላቱ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ የሀብሩ ገበሬ ቆሞ አይቷል። ላብ ብቻ አልነበረም ፊቴ ላይ የሚወርደው።

የሁሪያ አክስት እትዬ ከድጃ ሙስሊም ናቸው፤ ባላቸው አያ ደምሴ ክርስቲያን። ሠላሳ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ የማይጋሩት ነገር ሥጋ ብቻ ነው፤ ለእሱም ቤቱ ውስጥ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት አለ። ለእሳቸው ሙስሊም ያረደው፣ ለባላቸው ክርስቲያን ያረደው። ሌላው ሁሉ፣ ሽሮውም፣ ሐዘኑም፣ ሠርጉም የጋራ ነው። ወሎ ውስጥ ይኼ ወሬ አይደለም፤ የሚያወራው እንግዳ ነው፣ ማለትም እኔ።

እትዬ ከድጃ ሳጥኖቹን ከፍተው የዶሮዎቹን እግር አዩ። ቀይ ክር አሥራ ሁለት፣ አረንጓዴ ክር አሥራ ሁለት። ፊታቸው በራ።

«ማሻአላህ! አቤት የተማረ ሰው! ሁሉን አስቦ ነው የመጣው!»

እኔ የሙከራ አወቃቀሬን ያደነቁልኝ መስሎኝ «እንዴታ፣ ዋናው እሱ ነው» አልኩ። ደረቴ ተነፋ። ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ «ክሩ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» ብዬ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

እንቁጣጣሽ መጣ። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ መንገድ ዝግ ነው፤ ታች መርሳ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ አይታወቅም። አያ ደምሴ ግን «ጦርነት ነው ተብሎ ዓመት አይለወጥም እንዴ?» አሉና፣ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ሁለት ዶሮ ታርዷል። ሮጬ ቆጠርኩ። አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ! ከእያንዳንዱ ወገን እኩል አንድ አንድ! እነዚህ ያልተማሩ ሰዎች ሚዛኑን ሳያዛቡ ማረዳቸው ገረመኝ፤ ከእኔ ተማሪዎች ስንቱ ይህን ያስባል? ደግሞ እንግዳ ምን አፍ አለው። ማስታወሻዬ ላይ «በቡድን አሥራ አንድ ቀርቷል» ብዬ ጽፌ፣ የቀዩን ወጥ አጣጥሜ በላሁ።

ሁሪያ ግን ከአረንጓዴው አልቀመሰችም። «ሆዴን አሞኛል» አለች። ጓሮ ሄዳ ብቻዋን ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። የቤቷ ነገር ይሆናል ብዬ ተውኳት።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። በየሳምንቱ ማሽላው ዳር ተቀምጬ በጨሌ አጭር ፈተና እፈትናቸዋለሁ። አንድ የማይታወቅ ሰው ቀይ ጨሌ ይዞ፣ ዶሮ ፊት ተንበርክኮ፣ በልቡ እየቆጠረ ወረቀት ላይ ሲጭር የመንደሩ ሰው አየ። ጨሌና ዶሮ ካለ ደግሞ ሰውየው ምን እንደሆነ ማን ይጠይቃል? ጠንቋይ ነው! በሳምንቱ ሴቶች ደጅ መጥናት ጀመሩ። መጀመሪያ የመጡት እማማ አበበች እንቁላል በመቀነታቸው ቋጥረው፣ መሬት ስመው፣ «አባቴ፣ ልጄ ሙላት ከወጣ ሁለት ወሩ። አለ ወይስ የለም? ይዩልኝ» አሉ።

«እማማ! እኔ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ! ይኼ ጨሌ የሚያውቀው ነገር የለም!» ብዬ ጮኽኩ። ሴትዮዋ እንቁላሉን እንደያዙ ቀሩ። የእንቁላሉ አያያዝ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሁሪያ መጥታ አጠገባቸው ቁጭ አለች። «እሱ አያውቅም እማማ፣ እውነቱን ነው። ግን አብሽሩ፤ ስሙን ከነአባቱ ለእኔ ይንገሩኝ። ምን ለብሶ ወጣ? ምልክትስ አለው? መንገድ ሲከፈት እጠይቅልዎታለሁ።» ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ሁሉ ወደ እሷ ይሄዱ ጀመር። ከሠላሳ በላይ ስም ነገሯት። ወረቀት ላይ ስትጽፍ አላየሁም።

ኅዳር መጣ። ነገ ስድስት ወር ይሞላል። ያን ቀን ወንዝ ወርጄ ልብሴን አጥቤ፣ ጺሜን ተላጭቼ፣ እንደ ሙሽራ ሆኜ ተመለስኩ። ከውርጌሳ በኩል የተፈናቀሉ ዘመዶች መጥተው ቤቱ ሞልቷል። ዶሮዎቹን ላያቸው ወደ ጓሮ ዞርኩ።

አረንጓዴ ክር ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት። ተሳስቼ ይሆናል። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት። ቀዩን ቆጠርኩ፤ ስምንት። ክሮቹ ደግሞ አዲስ ናቸው፣ ያማረ ቋጠሮ ያላቸው።

«እትዬ ከድጃ!!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ነው። ታች መርሳ ድረስ ተሰምቷል ይባላል።

እትዬ ከድጃ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡ። «ምነው መምህር፣ እባብ ነው?»

«ክሩ! ክሩን ማን ነካው?»

«አይ እሱን! እንስሳቱ አድገው የለ እንዴ፤ ክሩ እግራቸውን እየቆረጠ ደም አወጣ። ያሳዝናሉ። ሁሉንም በጥሼ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ከዚያ በአዲስ አሰርኩላቸው።»

«በምን ለይተው?»

«በእንግዳው ብዛት ነዋ! ከመጡት ሃያ ሁለት ሰዎች አሥራ አራቱ ሙስሊም፣ ስምንቱ ክርስቲያን ናቸው። እኩል መክፈል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እርስዎ ራስዎ ቀይ ለክርስቲያን ቢላ፣ አረንጓዴ ለእስላም ቢላ ብለው ከፍለው አመጡ አይደል? ስንት ሰው ነው ያመሰገነዎት መሰልዎት!»

ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ከነታጠበው ሱሪዬ። በአራት ወር ውስጥ እኔ እነሱን ሳይንቲስት፣ እነሱ እኔን አስተዋይ አድርገን ተከባብረን ኖርን፤ አንዳችንም አልጠየቅንም። ሰባት ዓመት። እሳት ውስጥ የገባ ክር።

አያ ደምሴ ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። «ታዲያ ምን አለበት? ነገ ጨሌውን አሳያቸው። የፈራው እሬት የቀመሰው ነው፣ የነቆረው ያልቀመሰው ነው። እነሱ ራሳቸው ይናገራሉ።»

«አይሆንም!» አልኩ። «የሚያስታውሱትን ቀምሰዋል ብዬ፣ ቀምሰዋል ያልኳቸው ያስታውሳሉ ልበል? ይኼማ ሌባ ራሱን ዳኛ አድርጎ መሾም ነው! ማን ማን እንደሆነ ከፈተናው በፊት ማወቅ አለብኝ! ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው! ዶሮ መልክ የለውም!»

ያን ጊዜ ሁሪያ ከምድጃው ዳር ተነስታ መጣች። እንደዚያ ቀን ፈርታ አይቻት አላውቅም። የሻሿን ጫፍ እየጠመዘዘች፣ «መምህር፣ አይቆጡ» አለች። «እኔ አውቃቸዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ስም አላቸው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። ክልክል ስላሉ ነው ያልነገርኩዎት።» ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ቀጠለች። «የዓውደ ዓመት ዕለት የታረደው ቀይ ዮናስ ነበር፤ የቤተ መጻሕፍቱን ዮናስ ነው የሚመስለው፣ ሲሄድ አንገቱ ይቀድማል። አረንጓዴው ዘበኛው ፈቃዱ። ለዚህ ነው ያልበላሁት። ፈቃዱን እንዴት እበላለሁ?»

ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው።

በማግስቱ ጠዋት እንዲህ አደረግን። እትዬ ከድጃ አዲሶቹን ክሮች በሙሉ ፈቱ። እኔ ከቤት ውስጥ፣ በጓሮው በር ላይ በተንጠለጠለ ብርድ ልብስ ጀርባ ጨሌዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሁሪያ ውጭ ጓሮ ሆና እያንዳንዱን ዶሮ ታነሳለች፣ ስሙንና ወገኑን ለአያ ደምሴ በጆሯቸው ትነግራቸዋለች። አያ ደምሴ ቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው፤ በተራ ቁጥር ይጽፉና ዶሮውን አምጥተው ዝም ብለው ይሰጡኛል። እኔ ጨሌውን አሳያለሁ፤ «ነቆረ» ወይም «አልነቆረም» ብዬ በተራ ቁጥር እጽፋለሁ። ሁሪያ የእኔን አታይም፣ እኔ የእሷን አልሰማም። ጨሌው ንጹሕ ነው፤ እሬት የለበትም። ምሬቱ ካለ ያለው ጭንቅላታቸው ውስጥ ብቻ ነው።

ሲጀመር ጨሌውን ሁለት ጊዜ ጣልኩት። ውጭ ያለችውም እንደኔ ሳትሆን አትቀርም፤ በብርድ ልብሱ ሥር እግሮቿን አየኋቸው፣ አንዱ አንዱን ይረግጣል። ወንፊት ነው የተባለ ጭንቅላት ፈተና ላይ ተቀምጧል፤ አራተኛ ጊዜው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ዶክትሬቴ ሳይሆን ስለ እሷ ፈራሁ። አንዷን ብትስት ዳግመኛ አፏን አትከፍትም።

ሃያ ሁለቱም አለቁ። መደቡ ላይ ተቀመጥን። የተፈናቀሉት እንግዶች ሁሉ ከበቡን፤ እማማ አበበችም አሉ። አያ ደምሴ ወረቀቱን ከባርኔጣቸው ሥር አውጥተው እንደ ዳዊት በዜማ ያነቡ ጀመር።

«አንደኛ፤ መቅደላ። ቀይ።»

«አልነቆረችም» አልኩ።

«ሁለተኛ፤ ፍሬሰላም። አረንጓዴ።»

«ነቁራለች።»

«ሦስተኛ፤ ሬጅስትራሯ። ቀይ።»

«አልነቆረችም!»

እንዲህ እያልን አሥር ደረስን፣ አሥራ አምስት ደረስን። አንድም አልሳተችም። ሰዉ በየመልሱ «እሰይ!» ማለት ጀመረ። እትዬ ከድጃ ያጨበጭባሉ። ሁሪያ ብቻ መሬት መሬት ታያለች።

«አሥራ ሰባተኛ» አሉ አያ ደምሴ። ቀና ብለው አዩኝ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «...ወንዳወቅ። ቀይ።»

ወንዳወቅ የእኔ ስም ነው።

የእኔን ወረቀት አየሁ። «ነቆረ» ይላል። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ነው የነቆረው። «ነቁሯል» አልኩ ቀስ ብዬ። «አልገጠመም።» እትዬ ከድጃ ለማጨብጨብ ያነሱትን እጅ አወረዱ። ሁሪያ ግን እንኳን ልትደነግጥ ቀና አላለችም።

«ቆይ ቆይ» አሉ አያ ደምሴ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው። «ከጎኑ ሌላ ነገር አስጽፋኛለች። ‹ቀይ ነው፤ ግን ይነቁራል።›»

«ለምን?» ብዬ ጮኽኩባት። ድምፄ ተመለሰ።

«እኔ ምን ላድርግ መምህር!» አለች። «ከግንቦት ጀምሮ እሬቱን ይነቁራል፣ ይቀምሳል፣ ይጮኻል፣ ይቆጣል፣ ተመልሶ ያንኑ ይነቁራል። ሌላ ምን ስም ላውጣለት?»

እትዬ ከድጃ ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ። እማማ አበበች እንኳ፣ ልጃቸው ከወጣ ያልሳቁት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከሩቅ፣ ከሸለቆው ማዶ፣ አንድ መሣሪያ ጓ አለ፤ ማንም አልዞረም። የቀሩት አምስቱም ገጠሙ። ሃያ ሁለት ከሃያ ሁለት። ይህን በግምት የሚመታ ሰው የለም። ከአሥራ አንድ ቀዮች አሥሩ የስድስት ወር ትምህርታቸውን ይዘዋል፤ አንዱ ደግሞ ወንዳወቅ ነው።

ዶክትሬቴ ተረፈ። ሁሉ ሲስቅ ተነስቼ ሁሪያ ፊት ቆምኩ።

«እትዬ ሁሪያ» አልኳት። እንዲህ ጠርቻት አላውቅም።

«አቤት መምህር።»

«አይደፈንም።»

«ምኑ?»

«ሽንቁሩ! በአርባም አይደፈንም፣ በሃምሳም አይደፈንም። ሰኔ ላይ ጠይቀሽኝ ጥረጊ አልኩሽ። መልሱን ያኔም አውቀው ነበር። ያንቺ ወንፊት አይደለም። ወንፊት ነው ያለሽን ሰውዬ ግን ባገኘው...» አልጨረስኩትም፤ መነጽሬን እፈልግ ጀመር።

ሁሪያ ብብቷ ሥር የያዘችው ዶሮ፣ ያው ስመ ሞክሼዬ፣ የቀሚሷን ቁልፍ ሊነቁር ይታገላል። አጎንብሳ አየችው።

«ሰማህ?» አለችው። «አይደፈንም ተብሏል። አንተም ገና ተስፋ አለህ።»

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተ። ሁሪያ መርሳ ወርዳ የጠፉትን ልጆች ስም በየጤና ጣቢያውና በየመጠለያው ከነአባታቸው፣ ከነልብሳቸው፣ ከነጠባሳቸው አንድ በአንድ በቃሏ ተናገረች። ከሠላሳ ሦስቱ አሥራ ዘጠኙ ተገኙ። የአሥራ አራቱን ስም እስከ ዛሬ ይዛዋለች፤ አልፎ አልፎ ስትሠራ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ አልጠይቃትም። የእማማ አበበች ሙላት እግሩን እያነከሰ፣ ርኃብ ይዞት መጣ። እማማም ገብስማ ዶሮ ይዘው ወልድያ ድረስ መጥተው «ለጨሌው» ብለው ሰጡኝ። ልጮህ ነበር፤ ተቀበልኩ።

ወልድያ ስንመለስ ቤተ ሙከራዬ ተዘርፎ ጠረጴዛ የለም፣ ወንበር የለም፣ በሩም የለም። ግድግዳው ላይ «ከሙከራ እንስሳ ጋር ማውራት ክልክል ነው» የሚለው ብቻ ቀርቷል። ሁሪያ ላስተካክለው ብላ በእስክሪብቶ «ክልክል» የሚለውን ሰርዛ «ግዴታ» ብላ ጻፈችበት። ተውኩት።

ጥናቱን በሰኔ 2015 አቀረብኩ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ፈታኝ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያወረዱ ኮስታራ ሰው፣ የአሠራር ምዕራፉን ገልጠው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ ተከሉ።

«እዚህ ላይ ‹የእንስሳቱ ማንነት በሁሪያ ተለይቷል› ይላል። ስህተቱ ዜሮ ነው ትላለህ። ይህን መሣሪያ አላውቀውም። የት አገር ሥሪት ነው?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት አዳራሹ መጨረሻ ላይ ወንበር ተንቋቋ። አዲስ ሻሽ ያሰረች ሴት፣ ደብተር በደረቷ አቅፋ ቆመች።

«የሀብሩ ሥሪት ነኝ ጌታዬ» አለች። «የሚጠይቁኝ ካለ ግን ቶሎ ይበሉ፤ ስምንት ሰዓት ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለብኝ።»